ሽማግሌው፣ ልጁና ጠመንጃው፦ የቦሮችን የጦርነት ፎቶዎች እንዴት እናንብብ?

ሦስት ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ካሜራውን ፊት ለፊት ያዩታል። አንዱ የ65 ዓመት ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው የ43 ዓመት ጎልማሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ገና የ15 ዓመት ልጅ። ፎቶው የተነሳው በ1900፣ ቦሮች የተባሉት የደቡብ አፍሪካ ነጭ ሰፋሪዎች ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ ነው። ከቦሮች ወገን ከተነሱት ፎቶዎች ሁሉ እሱን ያህል የዞረ ጥቂት ነው፤ ዛሬም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብቅ ማለቱን አልተወም። ብዙ ጊዜ «አያት፣ አባትና ልጅ» ተብሎ ይለጠፋል።

ግን አይደሉም። ከፎቶው ጋር የቆየው የስም ዝርዝር ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ነው የሚያሳየው። ቦሮች ደግሞ የቤተሰብ ስማቸውን ከአባታቸው ይወርሳሉ። ስለዚህ ቢያንስ በአባት መስመር ዘር አይሆኑም።

ሌላም ነገር አለ። በቦሮች ሕግ ለጦርነት የመዝመት ግዴታ የነበረበት ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ይጎድለዋል። ሽማግሌው አምስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ፎቶውን ያየ ቦር ይህን ለማስላት ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም ነበር፤ «ሕግ ያላስገደዳቸው ሳይቀሩ ወጥተዋል» የሚለው መልእክት ወዲያው ይገባዋል። ሦስቱ ጎን ለጎን የቆሙት በአጋጣሚ አይመስልም።

ከቦሮች ወገን የተነሱ ፎቶዎችን ስናይ የምንስተው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ፎቶው ሐሰት ሆኖ አይደለም። አንድ ሰው፣ በአንድ ምክንያት፣ ለአንድ ተመልካች ያነሳው መሆኑን ስለምንረሳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦሮች እነማን ነበሩ? የተዋጉትስ በምን ነበር?

ቦሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሰፈሩ የሆላንድ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ሰዎች ዘሮች ናቸው። አብዛኞቹ ገበሬና ከብት አርቢ ነበሩ። እንግሊዝ ይህን ጫፍ (ኬፕን) ከያዘች በኋላ፣ በ1830ዎቹ፣ ብዙዎቹ ጓዛቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው ወደ መሀል አገር ገቡ። ጥቁሮች ይኖሩበት የነበረውን መሬት ያዙና ሁለት ሪፐብሊክ አቋቋሙ፤ ትራንስቫልና ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት።

በ1886 ትራንስቫል ውስጥ፣ ዛሬ ጆሃንስበርግ ባለችበት አካባቢ፣ ወርቅ ተገኘ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝና ቦሮች መስማማት አልቻሉም። ጦርነቱ ጥቅምት 11 ቀን 1899 ጀመረ፤ ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት ተኩል አለፍ ብሎ መሆኑ ነው። ያበቃው ግንቦት 31 ቀን 1902 ነው። እንግሊዝ ከመላው ግዛቷ ወደ 450,000 ወታደር አሰለፈች። ቦሮቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደምረው 100,000 አይሞሉም።

ፎቶ ለማንበብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጦርነቱ ሁለት ምዕራፍ እንደነበረው ማወቅ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቦሮቹ መድፍ ጠምደው ሌዲስሚዝ፣ ኪምበርሊና ማፌኪንግ የተባሉ የእንግሊዝ ከተሞችን ከበቡ፤ ተራራ ላይ ምሽግ ቆፍረው ተዋጉ። ሰኔ 5 ቀን 1900 የትራንስቫል ዋና ከተማ ፕሪቶሪያ ተያዘች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀ የሽምቅ ውጊያ ነው።

«ኮማንዶ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ እንዳያሳስተን። የቦሮች ኮማንዶ ዛሬ እንደምናውቀው ልዩ ሥልጠና የወሰደ ወታደር ማለት አይደለም። በየአውራጃው የሚጠራ የክተት ጦር ነው። ሰውየው የራሱን ፈረስ ከነኮርቻው፣ ጠመንጃውንና የጥቂት ቀን ስንቁን ይዞ ይመጣል። አዛዡን የሚመርጡትም ራሳቸው ዘማቾቹ ናቸው።

ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?

ብዙዎቹን ያነሱት የከተማ ፎቶ ቤት ባለቤቶች ናቸው። ፕሪቶሪያና ጆሃንስበርግ በወርቁ ምክንያት የሞቁ ከተሞች ነበሩ። ከአውሮፓ የመጡ ፎቶ አንሺዎችም ነበሩባቸው። ጦርነቱ ሲነሳ አንዳንዶቹ ከባድ ካሜራቸውንና የመስታወት ሳህኖቻቸውን ጭነው ኮማንዶዎቹን ተከተሉ። ያኔ ምስሉ የሚቀረጸው በአብዛኛው በመስታወት ላይ ነው። ይከብዳል፣ ይሰበራልም።

ሌሎቹ አማተሮች ናቸው። የኮዳክ ትንንሽ ካሜራ ገበያ ላይ ስለነበር በኪሱ ይዞት የዘመተ ነበር። ከሆላንድ፣ ከጀርመን፣ ከሩሲያ የመጡ ሐኪሞችና ከአውሮፓ የመጡ የውጭ አገር ወዶ ዘማቾችም ያገኙትን ሁሉ አንስተዋል።

ገዢውስ ማን ነው? አንደኛው ገዢ ዘማቹ ራሱ ነው። ወደ ግንባር ከመሄዱ በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ፣ የተቀባ መጋረጃ ከጀርባው አድርጎ፣ ዝናሩን ታጥቆ ይነሳል። ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ትቶላት ይሄዳል። ሁለተኛው ገዢ አውሮፓ ነው። ሆላንድ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ውስጥ ሕዝቡ በብዛት ለቦሮች ያደላ ነበር። የቦሮች ምስል በፖስታ ካርድና በሥዕላዊ መጽሔቶች ይቸበቸብ ነበር። ረጅም ጢም፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጸጥ ያለ ፊት፤ «መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ምስኪን ገበሬ ከትልቅ ኃይል ጋር ተፋጠጠ» የሚለውን ታሪክ ለመሸጥ ከዚህ የተሻለ መልክ አይገኝም።

እነዚህን ፎቶዎች እንደ ሰርግ አልበም ማየት ይጠቅማል። በአልበሙ ውስጥ ያለው ሁሉ በእርግጥ ሆኗል። ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም እውነተኛ ናቸው። ግን ከድግሱ በስተጀርባ የነበረው ጭቅጭቅ፣ ዕዳውና ያኮረፈችው አክስት የሉበትም። ፎቶ አንሺው የተጠራው ለዚያ አልነበረማ።

አልበሙ የሚያልቅበትም ቦታ አለ። ከ1900 አጋማሽ በኋላ ቦሮቹ ከተማ የላቸውም። ፎቶ ቤት የለም፤ የመስታወት ሳህንም ሆነ የማጠቢያ ኬሚካል የሚገዛበት ሱቅ የለም። በየቀኑ እንደ ሽፍታ ቦታ እየቀያየሩ የሚዋጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከቦሮች እጅ የወጣው ፎቶ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት የሚያሳይ ነው። ረጅሙና መራራው የሽምቅ ውጊያ ጊዜ በፎቶ የሳሳ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈውን ብዙውን ያነሱት እንግሊዞች ናቸው፤ ቤት ሲቃጠል፣ ምርኮኛ ሲሰለፍ፣ ካምፕ ሲተከል። የቦሮች አልበም ድል የሚበዛበት ለዚህ ነው። ድሉ ስለበዛ አይደለም።

ውጊያው ራሱ ለምን አይታይም?

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ካሜራው ነው። በፀሐይ ብርሃን ቆሞ የሚጠብቅን ሰው በደንብ ያነሳል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ድንጋይ ሥር የተኛን ሰው ግን አያሳይም።

ሁለተኛው ባሩዱ ነው። በዚህ ጦርነት ሁለቱም ወገን ጭስ የሌለው ባሩድ ተጠቅሟል። ቀድሞ ውጊያ ማለት የጭስ ደመና ነበር። አሁን ግን ተኳሹ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። የእንግሊዝ ወታደሮች ራሳቸው የተማረሩበት ነገር ነው፤ ጥይት ይመጣል፣ ሰው ይወድቃል፣ ጠላት ግን አይታይም። እነሱ ያላዩትን ካሜራው ከየት አምጥቶ ያሳያል?

ስለዚህ «ቦሮች በውጊያ ላይ» የሚል ፎቶ ስታገኙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ካሜራው የት ነው የቆመው? ተኳሾቹ ከምሽግ ወደ ፊት አነጣጥረው ፎቶ አንሺው ከፊታቸው ወይም ከጎናቸው ቀጥ ብሎ ካነሳቸው፣ ሰውየው በሁለቱ ጦር መሀል ነበር ማለት ነው። ባለ ሦስት እግር ካሜራ ተክሎ! እንዲህ ያለው ፎቶ ወይ ከውጊያው በፊት ወይ በኋላ፣ «እስቲ እንደምትተኩሱ ሁኑ» ተብሎ የተነሳ ነው።

ይህ ግን ማጭበርበር ነው ብሎ ለመፍረድ አያስቸኩልም። ሰዎቹ እውነተኛ ተዋጊዎች ናቸው። ምሽጉም የእነሱ ሊሆን ይችላል። የተዘጋጀው ድርጊቱ ብቻ ነው። በስፒዮን ኮፕ ተራራ ውጊያ ስም የሚዞር በደንብ የታወቀ የቡድን ፎቶ አለ፤ ብዙ ቦሮች ጠመንጃቸውን ይዘው ተሰብስበው ወደ ካሜራው ይመለከታሉ። ማንም አይተኩስም፣ ማንም አልተጎነበሰም። የቡድን ፎቶ ነው፤ ልክ እንደ ኳስ ቡድን። «ውጊያው ላይ» የሚለው ከሥሩ የተጻፈው እንጂ ፎቶው አይደለም።

ከፎቶ ይልቅ ፊልሙ ነው ይበልጥ የሚያስቀው። ያኔ ሲኒማ ገና ጨቅላ ነበር። የእንግሊዝ ሕዝብ ጦርነቱን ማየት ፈለገ። ታዲያ እዚያው እንግሊዝ ብላክበርን አካባቢ ሚቼልና ኬንየን የተባሉ ፊልም ሠሪዎች ሜዳ ላይ ሰው አልብሰው «የቦር ጦርነትን» ቀረጹ። ቦሩም እንግሊዙም የሰፈር ሰው ነበር። ከእነዚህ ፊልሞች የተቆረጠ ምስል ዛሬ ኢንተርኔት ላይ እንደ እውነተኛ ፎቶ ቢመጣባችሁ አትገረሙ።

ጠመንጃው ምን ይናገራል?

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በቦር ፎቶ ውስጥ ከፊት ይልቅ ጠመንጃው የተሻለ ምስክር ነው። ፊት ለካሜራ ይዘጋጃል። ጠመንጃ አይዘጋጅም።

ሞዘርና ማርቲኒ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደሉም። ቦሮች ከጦርነቱ በፊት በገፍ የገዙት ጀርመን ሠራሹን የ1895 ሞዘር ነው። አምስት ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹ ከእንጨቱ ውስጥ ስለሚቀመጡ ከሥር ምንም ነገር አይወጣም፤ ከምላጩ ፊት ያለው የጠመንጃው ሆድ ለስላሳ ነው። የእንግሊዞቹ ሊ ሜትፎርድና ሊ ኤንፊልድ ግን ከምላጩ ፊት ወደ ታች የወጣ የጥይት ካዝና አላቸው። በደብዛዛ ፎቶ ላይ ሳይቀር ይታያል። ማርቲኒ ሄንሪ ደግሞ ከምላጩ ኋላ ወደ ታች የሚጎተት ረጅም ዘንግ አለው። በጎኑ እጀታ የለውም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የቦር መልክ ያለው ሰው ሊ ሜትፎርድ ይዞ ካያችሁ፣ የማረከው መሆኑ አይቀርም። ጦርነቱ በገፋ ቁጥር የሞዘር ጥይት አለቀ። በወደብ የሚገባ ነገር ስላልነበረ ቦሮቹ ከእንግሊዞች በማረኩት ጠመንጃና ጥይት ነበር የሚዋጉት። እንግዲህ አሥር ሰው ቆሞ ስምንቱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ከያዘ፣ ፎቶው ከ1900 መጨረሻ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ሁሉም አዲስ ሞዘር ይዘው ዝናራቸው ሞልቶ ከሆነ ደግሞ የጦርነቱ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ ደግሞ እጀታውን እዩ። ሞዘር ጥይት የሚጎርስበት እጀታ በቀኝ በኩል ነው። በፎቶው ላይ በግራ ከሆነ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል፤ የመስታወቱን ሳህን በተቃራኒው በኩል ማተም ቀላል ስህተት ነበር። ለማረጋገጥ ኮቱን ተመልከቱ። የወንድ ኮት የግራው ጫፍ በቀኙ ላይ ነው የሚቆለፈው። ሁሉም ሰው ተገላቢጦሽ ከቆለፈ ስህተቱ የኮቱ አይደለም። ፎቶው ከተገለበጠ ደግሞ «ከግራ ወደ ቀኝ እገሌ፣ እገሌ» የሚለው የስም ዝርዝርም አብሮ ይፋለሳል።

ብዙ ቦሮች በጠመንጃቸው ሰደፍ ላይ ስማቸውን በቢላዋ ይቀርጹ ነበር። ጥራት ባለው ቅጂ ላይ አንዳንዴ ይነበባል። ያገኛችሁ ዕለት ሎተሪ ወጣላችሁ በሉት።

ልብሱስ?

ከመድፈኞችና ከፖሊሶች በቀር ቦሮች የደንብ ልብስ አልነበራቸውም። ያለው ኮት፣ ያለው ሱሪ፣ ያለው ባርኔጣ ነው። አንዳንዱ ለፎቶ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ይለብሳል። ስለዚህ ከልብሱ ማዕረግ ማውጣት አይቻልም፤ ጄኔራሉ ከተራው ዘማች የሚለየው አንዳንዴ በወንበሩ ብቻ ነው። መሀል ላይ የተቀመጠውን ፈልጉ።

የልብሱ ነገር በኋላ የሞት ጉዳይ ሆነ። የራሱ ልብስ አልቆ የተቦጫጨቀበት ቦር የማረከውን የእንግሊዝ ወታደር ካኪ አውልቆ ይለብስ ጀመር። እንግሊዞች ደግሞ ካኪያቸውን ለብሶ የተያዘውን ቦር እንደ አታላይ ቆጥረው ይረሽኑ ነበር። ካኪ የለበሰ፣ የእንግሊዝ ጠመንጃ የያዘ፣ ጢሙ ያደገ ሰው የት ወገን ነው? በፎቶ ብቻ ብዙ ጊዜ አይለይም። በዚህ ላይ የቦር ተወላጅ ሆነው ለእንግሊዝ የተዋጉ በሺዎች ነበሩ። በቋንቋም በመልክም ያው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰብ ያፈረሰው ጸብ አንዱ ይኸው ነው። የማን አያት በየትኛው ፎቶ ላይ እንዳለ መናገር የማይወዱ ቤቶች ቢኖሩ አይደንቅም።

የስፒዮን ኮፑ ምሽግ ምን ያሳያል?

ከቦሮች ወገን ከወጡት ሁሉ የሚከብደው ይህ ፎቶ ነው። ተራራ ላይ ጥልቀት የሌለው ረጅም ምሽግ ይታያል። ምሽጉ በእንግሊዝ ወታደሮች ሬሳ ተሞልቷል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጥር 23 ቀን 1900 ሌሊት የእንግሊዝ ጦር በጉም ተሸፍኖ ናታል ውስጥ ያለውን ስፒዮን ኮፕ ተራራ ወጣ። ዓላማቸው ወደተከበበችው ሌዲስሚዝ መንገድ መክፈት ነበር። ጫፉ ላይ ደረስን ብለው ምሽግ መቆፈር ጀመሩ። መሬቱ ድንጋይ ስለነበር ጉልበት እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ጉዱ ታየ። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች በቦሮች እጅ ነበሩ። ሉዊ ቦታ የተባለው የቦሮች ጄኔራል መድፉንና ተኳሾቹን አስተባብሮ ቀኑን ሙሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አወረደባቸው። አንደኛው የቦሮች ቦታ ከምሽጉ ጎን ስለነበር፣ ምሽጉ ከፊት ብቻ እንጂ ከጎን አይከልልም ነበር።

ማታ እንግሊዞቹ ጥለው ወረዱ። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ቦሮችም ደክሟቸው ከተራራው ወርደው ነበር። በነጋታው፣ ጥር 25፣ ቦሮቹ ሲመለሱ ያገኙት ሙታንና ቁስለኞችን ብቻ ነው። የሞቱት እንግሊዞች ከ200 በላይ ናቸው፤ ከቦሮች ወገን ደግሞ 60 ያህል።

አሁን ወደ ፎቶው። መቼ ተነሳ? በ24ኛው ቀን አይሆንም፤ እዚያ ቀና ያለ ሁሉ ይመታ ነበር። ከ25ኛው ቀን ጠዋት በኋላ ነው መሆን ያለበት። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ያ ምሽግ በኋላ የሙታኑ መቃብር ሆኗል። ዛሬም ነጭ የተቀባ ድንጋይ ተደርድሮበት እዚያው አለ። እናም ሬሳዎቹ ሁሉ እዚያው የወደቁ ናቸው ወይስ ከፊሎቹ ለቀብር ተሰብስበው የመጡ ናቸው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ፎቶው «እንዲህ ሆነው ሞቱ» ብሎ የሚመሰክር ይመስላል። በትክክል የሚመሰክረው «በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆነው ነበር» ብሎ ብቻ ነው።

ፎቶው የድል ፎቶ ነው። ያነሱት አሸናፊዎቹ ናቸው፤ የሞቱት የጠላት ሰዎች ናቸው። በዚያው ተራራ የሞቱት ቦሮች ግን እንዲህ ተደርድረው አልተነሱም። ሬሳቸው ወደ ዘመዶቻቸው ሄዷል ወይም በክብር ተቀብሯል። ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው ቦሮቹ አንድም ሰው ያልሞተባቸው ሊመስለው ይችላል። ይህ በሁሉም ጦርነት ያለ ነገር ነው፤ የጠላት ሬሳ ፎቶ ይነሳል፣ የወገን ሬሳ ይሸፈናል።

ጥግ ላይ ያለው ሰው ማን ነው?

የቦሮችን የቡድን ፎቶ ስታዩ መሀሉን ለጊዜው ተዉትና ጥጉን እዩ። ፈረስ የያዘ ጥቁር ሰው ታገኛላችሁ። ወይ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጧል። ወይ ከጋሪው አጠገብ ድስት ጥዷል። አንዳንዴ ዝናር ታጥቆ ጠመንጃም ይዟል።

ቦሮቹ «አግተርራይየር» ይሏቸው ነበር። ጋሻ ጃግሬ ብንል ይቀርባል፤ ወዶ የመጣ ሁሉ ግን አልነበረም። ብዙዎቹ ጌታው እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ፈረስ ይጠብቃሉ፣ ያበስላሉ፣ ጥይት ያቀብላሉ፣ ቁስለኛ ያነሳሉ። አንዳንዶቹ ተዋግተዋል። ቁጥራቸው በሺዎች ነው።

ሁለቱም ወገን ጦርነቱን «የነጮች ጦርነት» ይለው ነበር። እንግሊዝ ራሷ ከ10,000 በላይ ጥቁሮችን አስታጥቃለች። ቦሮችም እንዳየነው ያለ እነሱ አይንቀሳቀሱም ነበር። ያን ቃል ከሁሉ በፊት የሚያጋልጠው ይኸው ፎቶ ነው። የጥቁሩ ሰው ስም ግን ከሥር አይጻፍም። «ከግራ ወደ ቀኝ» እያለ ስድስት ስም ይዘረዝራል፤ በፎቶው ላይ ሰባት ሰው አለ። መጽሐፍ ላይ ሲታተም ደግሞ ጥጉ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ፎቶ ሁለት ቅጂ ካገኛችሁ ስፋታቸውን አነጻጽሩ። ሰባተኛው ሰው ያለው በሰፊው ቅጂ ላይ ነው።

የካምፑ ሕጻናት ፎቶስ ምን ያረጋግጣል?

እንግሊዞች የሽምቅ ተዋጊዎቹን ስንቅ ለማድረቅ እርሻ እያቃጠሉ ሴቶችንና ሕጻናትን ካምፕ ውስጥ አጎሩ። ኩፍኝ፣ ታይፎይድና የሳንባ ምች ፈጃቸው። ቦሮች በታጎሩባቸው ካምፖች ወደ 28,000 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ከ22,000 በላይ የሚሆኑት ከ16 ዓመት በታች ናቸው። ጥቁሮች ለብቻቸው በተያዙባቸው ካምፖች የተመዘገበው ሟች ከ14,000 ይበልጣል። ተመራማሪዎች ትክክለኛው ቁጥር ከ20,000 በላይ ነው ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ በዓለም የታወቀችው አንዲት ልጅ ናት። ሊዚ ቫን ዚል ትባላለች። ግንቦት 9 ቀን 1901 በብሉምፎንቴን ካምፕ በ7 ዓመቷ ሞተች። በፎቶው ላይ አጥንቷ ወጥቶ ይታያል። ካምፖቹን ለዓለም ያጋለጠችው እንግሊዛዊት ኤሚሊ ሆብሃውስ ታውቃት ነበር። ፎቶው የካምፖቹ ግፍ ምልክት ሆነ። የጦርነቱ ደጋፊዎች ግን ያንኑ ፎቶ ገልብጠው ተጠቀሙበት፤ «ልጅቷን ያስራባት እናቷ ናት፣ ፎቶውም የተነሳው እናቲቱን ለመክሰስ ነው» አሉ። ሆብሃውስ ጉዳዩን ተከታትላ እንዲህ ያለ ክስ ስለመኖሩ አንዳች ማስረጃ አላገኘችም።

አንድ ምስል ለሁለት ተቃራኒ ክስ ዋለ። የልጅቷ ሰውነት ምን እንደደረሰበት ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ በማን ምክንያት በሚለው ላይ ነው፤ ምክንያት ደግሞ በፎቶ አይነሳም። ያንን የሚያሳዩት ሌሎች ሰነዶች ናቸው፤ የምግብ ድልድሉ፣ የሐኪሞች ሪፖርት፣ የቀብር መዝገቡ። ለምሳሌ መጀመሪያ ላይ ባሎቻቸው እጅ ያልሰጡ ቤተሰቦች ከሌሎቹ ያነሰ ራሽን ይሰጣቸው እንደነበር ከመዝገብ እናውቃለን። የሊዚን ፎቶ ከዚህ መዝገብ ጋር ስናስቀምጠው ክብደት ያገኛል። ብቻውን ሲሆን ግን ማንም እንደፈለገ ይጎትተዋል።

በኋላ ዘመን ይህ ምስል የአፍሪካነር (የቦሮች ዘሮች) ብሔርተኝነት አርማ ሆነ። የጥቁሮቹ ካምፖች ግን ለረጅም ጊዜ ከታሪኩ ውጭ ቆዩ። እነዚያ ካምፖች ሊዚን የመሰለ አንድ የታወቀ ምስል የላቸውም። ፎቶ ያለው ሐዘን ይታወሳል፤ የሌለው ይረሳል።

ቀለም የተቀባውን ፎቶ ልመን?

አሁን አሁን ጥቁርና ነጩን በኮምፒውተር ቀለም ቀብቶ መለጠፍ ፋሽን ሆኗል። ያምራል። ማስረጃ ግን አይደለም። ያኔ የነበሩት የመስታወት ሳህኖች ለሰማያዊ ቀለም በጣም ንቁ ነበሩ፣ ለቀይ ግን ዕውር ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊ ነገር ነጣ ብሎ ይወጣል፣ ቀይ ደግሞ ይጠቁራል። የትራንስቫል ባንዲራ ከላይ ቀይ፣ መሀል ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ሲሆን በእንጨቱ በኩል ቁልቁል አረንጓዴ ነው። በፎቶ ላይ ቀዩ ጥቁር መስሎ፣ ሰማያዊው ከነጩ እምብዛም ሳይለይ ሊወጣ ይችላል። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ ባወቀው መጠን ይገምታል። ቀላ ያለ ፊትም በተመሳሳይ ምክንያት ከእውነተኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። ከቆዳ ጥላ ተነስቶ የሰውን ዘር መገመትም ስለዚህ አያዋጣም።

ካኪን ከቡናማ መለየትም በዚህ ሳህን አይቻልም። ቀለም የተቀባ ቦር አረንጓዴ ካኪ ለብሶ ካያችሁ የቀባው ሰው ግምት ነው።

ኦርጅናሉን ማግኘት ከተቻለ ግን ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የከተማው ስም፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም ወይም ቀን ያለው እዚያ ነው። ጽሑፉ በደች (በሆላንድ ቋንቋ) ከሆነ ከቤተሰብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ምናልባት ወታደር ከተያዘ ቤት ይዞት የሄደው ነው። ብዙዎቹ ኦርጅናሎች ብሉምፎንቴን በሚገኘው የቦር ሪፐብሊኮች የጦርነት ሙዚየም ተቀምጠዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ግን የፊቱ ስካን ብቻ ነው፤ እሱም ጠርዙ ተቆርጦ።